የጉበት ስንቅ

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን ጉንፋን ጥሏቸው ልጠይቃቸው ገባሁ። ትራስጌያቸው ላይ ፌስታል ተቀምጧል። ውስጡ ምን የለ! ፓራሲታሞል አለ፤ ከፋርማሲ የተገዛ የጉንፋን ክኒን አለ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ እርድ አለ፤ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው፣ የጉበት ሥዕል ያለበት የእንክብል ጠርሙስም አለ። «መድኃኒቱ ጉበቴን እንዳይጎዳብኝ ይቺን አስከትላታለሁ፣ ልጄ» አሉኝ ጠርሙሷን ከፍ አድርገው።

እንዲህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እርስዎም ቤት ተመሳሳይ ፌስታል ሳይኖር አይቀርም። እስቲ አብረን እንፈትሸው።

መጀመሪያ ስለ ጉበት ትንሽ እንወቅ። ጉበት በቀኝ በኩል፣ ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ይገኛል። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። የዋጥነው ነገር ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ምግቡም፣ አረቄውም፣ ክኒኑም፣ የቅጠሉ ጭማቂም በዚያው በር ያልፋሉ። ጉበት «ይሄ ከጓሮ የመጣ ነው፣ ያ የፋብሪካ ነው» ብሎ አያዳላም።

ሥራው ምንድን ነው? ብዙ መድኃኒት በቀላሉ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ካልሟሟ ደግሞ በሽንት አይወጣም። ጉበት መድኃኒቱን ቀያይሮ፣ ሌላ ነገር ለጥፎበት፣ እንዲወጣ ያደርገዋል። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ በዚህ መሀል ከመድኃኒቱ የባሰ መርዘኛ ነገር መፈጠሩ ነው።

ፓራሲታሞልን እንውሰድ። እዚህ «ፓራ» የምንለው፣ በዓረብ አገሮች ያሉ እህቶቻችን «ፓናዶል»፣ እስራኤል ያሉት «አካሞል»፣ አሜሪካ ያሉት «ታይሌኖል» የሚሉት ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው። የዋጡት ፓራሲታሞል አብዛኛው ያለ ጣጣ ይወጣል። ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆነው እጅ ግን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ወደ መርዝነት ይለወጣል። ኢንዛይም ማለት በሰውነታችን ውስጥ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው።

ታዲያ ሁለት ክኒን የዋጠ ሰው ለምን አይታመምም? ጉበት ስንቅ ስላለው ነው። የስንቁ ስም ግሉታታዮን ይባላል። ጉበት ራሱ ከሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ከፕሮቲን ጥቃቅን ክፍሎች፣ ይሠራዋል። ከሦስቱ አንዱ ሲስቴይን ነው። ሲስቴይን ድኝ አለበት፤ መርዙን የሚይዘውም ይኸው ድኙ ነው።

ሂሳቡ አንድ ለአንድ ነው። አንድ የግሉታታዮን ቅንጣት አንድ የመርዝ ቅንጣት ይይዝና አብሮት ይወጣል። ተመልሶ አይመጣም። በልኩ ከተወሰደ ጉበት የወጣውን ይተካል። ከልክ ካለፈ ግን ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ከስንቁ 70 በመቶ ያህሉ ሲያልቅ መርዙ የሚይዘው ያጣና በራሱ በጉበቱ ሕዋስ ላይ ይለጠፋል። የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ይበላሻል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ይህን በ1973 ያብራሩት አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አንቲኦክሲዳንት የሚሉትስ?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። አቮካዶ ቆርጠው ቢተዉት ይጠቁራል። ሎሚ ቢጨምቁበት ግን ይቆያል። የሚያጠቁረው ከአየር ኦክስጅን ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ነው፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲና ኮምጣጣነቱ ያንን ያዘገዩታል። ሰውነታችን ውስጥም የዚህ ዓይነት ዝገት አለ። ዝገቱን የሚያቆም ወይም የሚያዘገይ ነገር አንቲኦክሲዳንት ይባላል። ከጉበት አንቲኦክሲዳንቶች ዋነኛው ደግሞ አሁን ያየነው ግሉታታዮን ነው። ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን እዚያው የሚሠራ።

እንግዲያው ግሉታታዮኑን ራሱን ብንውጠውስ? አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይፈራርሳል፤ እንዳለ ጉበት አይደርስም። በመርፌ የሚሰጡም አሉ፤ ለቆዳ ማቅያ ብለው የሚወጉትን ሰምተው ይሆናል። ያ ሌላ ንግድ ነው፤ ጉበትን ከመድኃኒት ለመጠበቅ ብለው ገንዘብዎን አያፍስሱበት።

የሚሠራ መላ አለ። ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይባላል። ሐኪሞች በአጭሩ «ናክ» ይሉታል። ለጉበት ስንቅ ሳይሆን የስንቁን ጥሬ ዕቃ፣ ሲስቴይኑን፣ ያቀብላል። የተሠራው መጀመሪያ ለጉበት አልነበረም፤ አክታ ለማቅጠን ነበር። ፈሳሹ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የሚሸተው ድኙ ነው፤ የሚያድነውም እሱ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከመጠን በላይ ፓራሲታሞል ለወሰደ ሰው ማርከሻ ሆኖ ያገለግላል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ፓራሲታሞሉ በተዋጠ በ8 ሰዓታት ውስጥ ማርከሻው ከተጀመረ ጉበት ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በኋላም ይጠቅማል፤ ግን ኃይሉ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያው ቀን ቢያቅለሸልሸው፣ ቢያስመልሰው ነው። እንዲያውም ምንም ላይሰማው ይችላል። «ተሻለው» ይባላል። የጉበቱ ጉዳት የሚብሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ማሸጊያውን ባዶ አድርጎ ቢያገኙት፣ ወይም አንድ ሰው በንዴት ብዙ ክኒን እንደዋጠ ቢነግርዎ፣ ምልክት አይጠብቁ። ወተት አጠጥተው አያስተኙ። ማሸጊያውን ይዘው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወደ ጎረቤቴ ፌስታል እንመለስ። የፓራሲታሞሉን ማሸጊያ ገልብጬ አነበብኩ፦ 500 ሚሊ ግራም። ሁለት ሁለት በቀን አራት ጊዜ ይውጣሉ። ስምንት ክኒን፣ 4 ግራም። ይህ ለአንድ ጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው ነው። ከዚያ የጉንፋኑን ክኒን ገለበጥኩ። ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን እንደገና ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ነው። እሱን ደግሞ በቀን ሦስቴ ሊውጡ ነው። ድምሩ 5 ግራም ተኩል! ደግነቱ የጉንፋኑን የጀመሩት ያን ዕለት ጠዋት ነበር። አንዱን አስተውኳቸው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ «ፓራሲታሞል» የሚል ቃል አታገኙም። እዚያ ስሙ «አሴታሚኖፌን» ነው። ለሳልና ለጉንፋን፣ ለእንቅልፍ፣ ለወር አበባ ሕመም በሚሸጡት ብዙ መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ አለ። በድንገት ጉበታቸው ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ከሚገቡ አሜሪካውያን ግማሽ ያህሉን ለዚህ የሚዳርጋቸው ይኸው መድኃኒት ነው። ብዙዎቹ ሊሞቱ ብለው አይደለም የወሰዱት፤ ሳያውቁ ደራርበውት ነው። ብሪታንያ በ1998 በአንድ ማሸጊያ የሚሸጠውን ቁጥር በሕግ ገደበች፤ ተራ ሱቅ ውስጥ 16፣ ፋርማሲ 32።

4 ግራሙ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ከርሞ የተራበ ወይም በሕመም የከሳ፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ስንት እንደሆነ ሐኪም ይንገረው። አልኮል በሁለት በኩል ነው የሚጎዳው። መርዙን የሚፈጥረውን ኢንዛይም ያበዛል፤ ስንቁን ደግሞ ያሟጥጣል። ለልጅ የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ። ጠብታውና ሽሮፑ ጥንካሬያቸው ይለያያልና አንዱን በሌላው ማንኪያ አይለኩ።

ይህን ሁሉ ስል ፓራሲታሞልን እንዲፈሩት አይደለም። በልኩ ሲወሰድ ካሉን የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ ከማይጎዱት አንዱ ነው። ርካሽም ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። ጉበት ሲስቴይን የሚያገኘው ከምንበላው ፕሮቲን ነው። እንቁላል ጥሩ ምንጭ ነው፤ ሲቀቀል ያለውን ሽታ ያስታውሱ። ሥጋና ዓሣም አሉበት። «ፆም ነውና ምን ልብላ?» ለሚሉ፣ መልሱ ከገበታችን አልራቀም። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ፕሮቲናቸው ብዙ ነው፤ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ግን ይጎድሏቸዋል። ጤፍ እነዚህ በተሻለ መጠን አሉት። ሽሮ በእንጀራ የበላ ሰው አንዱ የጎደለውን በሌላው ሞልቷል። እናቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይገቡ የደረሱበት ነው። ይሁን እንጂ ምግብ የዕለት ስንቅ ነው እንጂ ማርከሻ አይደለም። ሃያ ክኒን የዋጠን ሰው እንቁላል አያድነውም።

የጠርሙሱ ነገርስ? የጎረቤቴ እንክብል ሲሊማሪን ነው። የሚወጣው ሐምራዊ አበባ ካለው የሜዲትራኒያን አካባቢ እሾህ ነው፤ በገበያ «ሚልክ ትስል» ይሉታል። ለጉበት ሲባል በዓለም በብዛት ከሚሸጡት ዕፅዋት አንዱ ነው። አውሮፓ ውስጥ አደገኛ የዱር እንጉዳይ ለበሉ ሰዎች ከእሱ የተዘጋጀ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ መርዙ ወደ ጉበት ሕዋስ እንዳይገባ በሩን ይዘጋል ተብሎ። ነገር ግን በሄፓታይተስ ሲ በታመሙ 154 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2012 ውጤቱ ሲታተም፣ ሲሊማሪን የዋጡትና መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል የዋጡት አልተለያዩም። ጉበት ሊጎዳ የሚችለውን የቲቢ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም አንዱ «ረዳ»፣ ሌላው «አልረዳም» የሚሉ ናቸው። የእኔ ፍርድ፦ ልጅቱ ለጠርሙሱ በከፈለችው ለእናቷ እንቁላል ብትገዛበት የተሻለ ነበር።

«ግን እኮ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ ጉበት እንደሚጠብቅ በጥናት ተረጋግጧል ይባላል።» አዎ፣ ጥናት አለ። ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ይወቁ። አይጦች ለቀናት የቅጠሉን ጭማቂ ይጠጣሉ። ከዚያ ብዙ ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል። ከዚያ ደማቸው ውስጥ ኤኤልቲ ይለካል። ኤኤልቲ፣ በእኛ ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ኤስጂፒቲ የሚባለው፣ ጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ሕዋሱ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈስሳል። ቅጠሉን የጠጡት አይጦች ኤኤልቲ ዝቅ ካለ «ጉበት ጠባቂ» ተብሎ ይጻፋል።

እኛ ግን ቅጠሉን የምንፈልገው ከታመምን በኋላ ነው፤ አይጧ አስቀድማ ጠጥታለች። የሰጧትም መጠን ወደ ሰው ኪሎ ሲመነዘር ብዙውን ጊዜ ማንም በሻይ የሚጠጣው አይሆንም። ሌላም ተንኮል አለ። አንዳንዱ ጭማቂ፣ ወይም ጭማቂው የተበጠበጠበት ኬሚካል፣ መርዙን የሚሠራውን ኢንዛይም ራሱን ያስቆማል። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ማሟሟቻ እንዲህ እንደሚያደርግ ይታወቃል። ያን ጊዜ ጉበቱ የተረፈው አንቲኦክሲዳንት ስለደረሰለት አይደለም፤ ከመነሻው መርዝ ስላልተፈጠረ ነው።

እርድ ወጥ ውስጥ ሲገባ ምንም አይልም። ከእርድ ተነጥሮ በእንክብል ሲሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እርድ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግበዋል። አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አንዱ ሞቷል። በአንዳንዶቹ እንክብሎች ውስጥ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ነበር፤ እርዱ ወደ ደም በብዛት እንዲገባ የሚጨመር ነው። አረንጓዴ ሻይም እንደዚሁ ነው። በስኒ ቢጠጡት ችግር የለውም። በእንክብል ተጨምቆ ሲመጣ ግን የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 አስጠንቅቋል፤ ከሻዩ ዋና ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ያሳያል ብሎ።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ትግራይ ውስጥ የታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ገበሬዎች አይቀበሉትም። ከ2001 አካባቢ ጀምሮ እዚያ ሆድ የሚነፋና ሕይወት የሚያጠፋ የጉበት በሽታ ታየ። ምርመራዎች ከእህል ጋር ወደሚቀላቀል አንድ አረም ጠቆሙ። የአረሙ መርዝ ከየትም ፋብሪካ አልመጣም።

ቡናስ? ቡና ጠጪዎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚቀንስባቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ብሪታንያ ውስጥ ከ490 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት አደጋው በ21 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ደስ ይላል። ግን ይህ ስለ ቆየ በሽታ ነው፤ ክኒን ለሚያደርሰው ድንገተኛ ጉዳት ማርከሻ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ቲቢ መድኃኒት። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በአገራችን መንግሥት ጤና ጣቢያዎች መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ፣ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። አይሶናያዚድን የሚያጣራው ኢንዛይም በዘር የሚወሰን ነው። ፈጣን ያለው አለ፣ ቀርፋፋ ያለው አለ። ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የቀርፋፋው ወገን ነን። በቀርፋፎቹ ላይ መርዘኛው ትራፊ ይበዛል።

ከቲቢው ጋር የምትሰጠዋ ቫይታሚን ቢ6 ለጉበት የምትመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለችም። አይሶናያዚድ እጅና እግር እንዳያደነዝዝ ለነርቭ የምትሰጥ ናት። ናክስ የቲቢ መድኃኒት ለሚያደርሰው የጉበት ጉዳት ይሠራል? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ በ2021 ታትሟል። የጉበት ምርመራውን ቶሎ አላወረደውም፤ ታማሚዎቹ ሆስፒታል የቆዩበት ቀን ግን አጠረ። የሚያስጎመጅ ፍንጭ ነው፤ ገና መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ ጠባቂዎ ቅጠል ሳይሆን ዓይንዎ ነው። ምግብ ካስጠላዎ፣ ካቅለሸለሸዎ፣ ያለ ሥራ ከደከሙ፣ በቀኝ ጎንዎ ካመመዎ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ የዓይንዎ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ቀጣዩን ክኒን ከመዋጥዎ በፊት በዚያው ቀን ወደሚታከሙበት ይሂዱ። ደም ተለክቶ ኤኤልቲው ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ በላይ ከሆነና ምልክት ካለዎት፣ ወይም ያለ ምልክት አምስት እጥፍ ካለፈ፣ ባለሙያው መድኃኒቱን ያስቆማል። ሲወርድ አንድ በአንድ መልሶ ያስጀምራል። በራስዎ አቁመው ቤት አይቀመጡ፤ ቲቢው መድኃኒት ተላምዶ ይመለሳል። «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ወደ ቅጠል አዋቂ አይዙሩ። የተጎዳ ጉበት ላይ የማይታወቅ ሥር መጨመር ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ጎረቤቴን በመጨረሻ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ እርስዎንም እለምናለሁ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ይሂዱ። ክኒኑንም፣ ጠርሙሱንም፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውንም። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው ቅጠሉን አይደብቁ። ምን እንደዋጡ ያላወቀ ሐኪም ጉበትዎን ምን እንደጎዳው ሊያውቅ አይችልም።